አህያዋ አልጣለችኝም

ወገቤን ያየ የጤና ባለሙያ ሁሉ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ምን ሆነው ነው?» ብሎ ነው። እኔም ለሁሉም የመለስኩት አንድ ነገር ነው፤ «ከአህያ ወድቄ።» ለሁለት ክሊኒኮች፣ ለአንድ ወጌሻ፣ ሊጠይቀኝ ለመጣ ጎረቤት ሁሉና ለአማቴ ይህንኑ ብያለሁ። ደጋግሜ ከመናገሬ የተነሳ አንዳንዴ አህያዋ ስትጥለኝ ትዝ የሚለኝ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ አልሀምዱሊላህ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ ይህን የምጽፈው ያ ውሸት ከስብራቱ ባላነሰ አልጋ ላይ ሊያስቀረኝ ስለነበር ነው። እንደኔ በጭነት ላይ የሚሳፈር፣ ከዚያም ለዘመድ ብሎ አፉን የሚይዝ ሰው ካለ ይስማኝ።

ስሜ ሰዓዳ ነው። ሸዋ ሮቢት ማሾ እነግዳለሁ። ከቀወት ወረዳ ገበሬዎች እገዛለሁ፣ አበጥራለሁ፣ ከተማ ላሉ ጅምላ ነጋዴዎች አስረክባለሁ። ገበያው የሚያውቀኝ በምላሴና በሚዛኔ ነው። ምላሴን የማይወዱ ብዙ ናቸው። ሚዛኔን ግን እስከ ዛሬ አንድም ሰው አላማውም፤ ይህን የምለው ልኮራ ነው፣ አልደብቅም።

የማሾ ምርት በደረሰበት ሰሞን ነው ነገሩ የተፈጠረው። የታላቅ እህቴ የእትዬ ዘይነባ ልጅ ጀማል የጋሼ ይመርን አይሱዙ ይነዳል። ጋሼ ይመር መኪናዎች ያሉት፣ በሰርግም በለቅሶም ከሰፈራችን የማይጠፋ ሰው ነው። ያን ጠዋት ከገበሬዎቹ መንደር ጆንያውን ጭነን በፒስታው መንገድ ወደ አስፋልቱ ወረድን። ጭነቱ ከጎን ሳንቃው በላይ ተቆልሎ ነበር። እኔም ከሁለት ገበሬዎች ጋር ከጆንያው ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ክልክል መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ግን በእኛ ቆላ ጋቢና ውስጥ ከመቀቀል ላይ ሆኖ ንፋስ እየተቀበሉ ዕቃን እያዩ መሄድ የተለመደ ነው። የሚከለክለንም አስፋልቱ ላይ ያለው ትራፊክ ብቻ ስለሆነ፣ አስፋልቱ ሳይደርስ እንወርዳለን።

ደረቁን ወንዝ ተሻግረን ኩርባውን ስንወጣ የኋላው ግራ ጎማ ፈነዳ። አናቱ የከበደ መኪና ሲገለበጥ አይቸኩልም። ቀስ ብሎ አዘመመ፤ ይመለሳል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተመለሰም። ገበሬዎቹ ዘለው ወረዱ። እኔ የያዝኩትን ጆንያ ስላለቀቅሁ አብሬው ሄድኩ። መሬት ላይ ስወድቅ በደረቴ ነበር፤ ወዲያው ሁለት ጆንያ መጥቶ ከወገቤ በታች አረፈብኝ። ድምፄን ለማውጣት ሞከርኩ፤ የወጣው አቧራ ብቻ ነው።

የአካባቢው ሰው እንዴት ደግ እንደሆነ እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። ጩኸት የሰማ ሁሉ ማሳውን ትቶ መጣ። እኔን አወጡኝ። ጀማልን ከጋቢናው በመስኮት ሳቡት፤ ግንባሩ ከመጫጫሩ በቀር ደህና ነበር። መኪናውን በገመድና በአጠና፣ «ያ አላህ» እያሉ ጎትተው፣ ቀኑ ሳይጋመስ አቆሙት። ሴቶቹ የፈሰሰውን ማሾ ከአፈሩ በወንፊት ለዩልኝ፤ አንድ ጣሳ እንኳ የጎደለ አይመስለኝም። ከዚያ መንገዱ ዳር ካለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሰው ስላልሞተ ዱዓ አደረጉ። የኔና የወገቤ ዕጣ የተወሰነውም እዚያው ዱዓው ላይ ነው።

ፖሊስ ከሰማ ጀማል ይታሰራል፣ መንጃ ፈቃዱ ይወሰዳል ተባለ። ካገባ ዓመት አልሞላውም። እህቴ ጆንያውን የጫንነው እሷ ከምትኖርበት መንደር ነውና ሮጣ ደርሳ ነበር፤ ተንበርክካ እጄን ይዛ፣ «ሰዓዳ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ልጄን አታሳስሪብኝ» አለችኝ። እኔ በዚያን ሰዓት ሕመሙም እንደ በኋላው አልመሰለኝም፤ እግሬን አንቀሳቅሳለሁ፤ ተነስቼም ጥቂት ተራምጃለሁ። ታዲያ ክሊኒክ ምን ይባል ተብሎ ሲጠየቅ አንዱ «ከአህያ ወደቀች ይባል» አለ። ሁሉም ተስማማ። እኔም ተስማማሁ። ጋሼ ይመር ከሰዓት በሞተር ብስክሌት ደርሶ ይህን ሲሰማ ፊቱ ፈካ፤ ሕክምናዬን በሙሉ እችላለሁ ብሎ በሽማግሌዎቹ ፊት ቃል ገባ።

በእኛ አካባቢ ከአህያ መውደቅ ጉንፋን እንደመያዝ ነው፤ ማንም አይደነግጥም። የመጀመሪያው ክሊኒክ ጡንቻ ነው ብሎ የሚቀባና የሚዋጥ ማስታገሻ ሰጠኝ። ባለሙያው ላይ አልፈርድም፤ የነገርኩትን ነው ያከመው። ወገቤ ግን እየባሰበት ሄደ። በሦስተኛው ሳምንት ትኩሳት መጣ፤ ሁለተኛው ክሊኒክ እንደ ቆላ ደንብ ወባ መረመረኝ፤ የለም። ታይፎይድ አለ ተባለ፤ ዋጥኩ። ቀጥሎ ኩላሊት ነው ተባለ፤ ውሃ ጠጪ ተባልኩ፤ ጠጣሁ። ሰው የሚያውቀውን ደብቆ ሌላው እንዲያውቅለት ሲጠብቅ እንዲህ ይሆናል። ወረፋ ይዤ አግዳሚ ወንበር ላይ በአንድ ጎኔ ተንጋድጄ ስቀመጥ፣ አጠገቤ ያሉት «ምን ነካሽ?» ይላሉ፤ እኔ አህያዋን እከሳለሁ።

ባሌ ሙሄ ወጌሻ አመጣ። ሽማግሌ ናቸው፤ ስንቱን አጥንት ያቀኑ። በአውራ ጣታቸው አከርካሪዬን እየተከተሉ ወረዱና ወገቤ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን አነሱ። ለማሸት የቀረበላቸውን ቅቤ ወደ ጎን አደረጉት።

«ልጄ፣ ይቺ አህያ ምን ጭና ነበር?» አሉኝ።

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እሳቸውም ይህ የእሳቸው ሥራ እንዳልሆነ፣ እንዳልታሽ፣ ራጅ እንድነሳ ለሙሄ ነግረውት ያመጡላቸውን ሳይቀበሉ ሄዱ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የተጠራጠሩኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው፤ አሽተውኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እግር አይኖረኝም ነበር።

ስለ አህያችን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። አሥራ አንድ ዓመት ውሃና እንጨት ስታመላልስ ሕፃን እንኳ ረግጣ አታውቅም። ነገር ግን ስሟ ጠፋ። ጎረቤት ልጆቹን ከአጠገቧ ከለከለ። አማቴ ሰው የምትጥል አህያ ግቢ ውስጥ አላሳድርም ብለው ወሰኑ። ሙሄ ምን ይበል? ጀውሃ ገበያ ወስዶ ሸጣት፤ ዝናዋ ቀድሟት ስለሄደ በማይረባ ዋጋ ነው የሄደችው። ያን ቀን ማታ ራት እየበላን ድንገት እንዲህ አለኝ፤

«አህያዋ ተሸጠች። ጀማል መኪናውን ይነዳል። የወደቅሽው አንቺ፣ የተቀጣችው እሷ።»

ሙሄ ከመጀመሪያውም ውሸቱን አልወደደውም፤ በአደጋው ቀን ደብረ ሲና ለሥራ ስለሄደ ሲመለስ ነው አልቆ ያገኘው። እኔ ተቆጣሁት። ስለ እህቴ ልጅ እንዲህ አይናገር አልኩ። እውነት ለመናገር ግን የተቆጣሁት እሱ ልክ ስለነበር ነው።

ሁለት ወር ሊሞላው ሲል አንድ ጠዋት ለመተጣጠብ ስወጣ የግራ እግሬ ጫማ ወልቆ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ እኔ አላወቅሁም። ያወቅሁት መሬት ላይ የእግሬን ጣቶች ሳይ ነው። እግሬ መሬቱን አልነገረኝም። በዚያው ሳምንት ሽንቴ እንቢ እያለ ያስቸግረኝ ጀመር። ሌሊት ሌሊት እግሬን በእጄ እየዳበስኩ፣ እየቆነጠጥኩ አድር ነበር፤ ከሕይወቴ ሁሉ የፈራሁት ያኔ ነው። ሙሄ ከዚህ በኋላ ፈቃዴን አልጠየቀኝም፤ ኮንትራት መኪና ይዞ ወደ ደጋው ሪፈራል ሆስፒታል አወጣኝ። የደብረ ሲናን ዳገት ስንወጣ እያንዳንዷን ጉብታ ቆጥሬያታለሁ።

በሆስፒታሉ ኮሪደር ከጠዋት እስከ ስምንት ሰዓት ፎጣ አንጥፌ ወለሉ ላይ ተኛሁ። አጠገቤ እትዬ ወርቄ የሚባሉ፣ ከቀወት ዳገታማው በኩል ባላቸውን ይዘው የመጡ ሴት ነበሩ። የአገር ሰው መሆኔን በንግግሬ አወቁ። ጾም ላይ ናቸው፤ ግን ለኔ ሻይ ገዝተው አመጡልኝ፣ ተራቸው ሲደርስም «እኔ ተቀምጬ እጠብቃለሁ፤ እሷ መቀመጥ አልቻለችም» ብለው አስቀደሙኝ። ስማቸውን በየዱዓዬ አነሳለሁ።

የተቀበለችኝ ሐኪም ወጣት ናት፤ የኔ ልጅ ብትሆን የሚያስገርም አይደለም። ከምን እንደወደቅሁ ጠየቀችኝ። ከአህያ አልኳት። አህያዋ ምን ያህል ትረዝማለች አለችኝ። ረጅም ናት አልኳት። አልሳቀችም። ራጁን መብራት ላይ ሰቅላ አንዱን የአከርካሪ አጥንት በእስክሪብቶዋ አሳየችኝ፤ ከላይና ከታች ያሉት ሙሉ ናቸው፣ እሱ ግን እንደተረገጠ የክብሪት ቤት ተጨፍልቋል። የተሰበረው ስባሪ ወደ ኋላ ገብቶ ወደ እግር የሚወርዱትን ነርቮች እየተጫነ ነው አለችኝ።

«እናቴ፣ እኔ ፖሊስ አይደለሁም» አለች ወንበሯን ወደኔ አስጠግታ። «ወድቀው ብቻ ከሆነ እዚህ አበቃለሁ። ከባድ ነገር ተጭኖዎት ከሆነ ግን ሌላም ቦታ መፈለግ አለብኝ። የት ልፈልግ?»

ሙሄን አየሁት። እሱ መስኮቱን ያያል። «መኪና ተገልብጦብኝ ነው» አልኩ። «ጆንያ ነው የወደቀብኝ። አህያዋ ምንም አላደረገችኝም።» ከዚያ አለቀስኩ። ለእግሬ አልነበረም፤ እውነቱ ከአፌ ሲወጣ ቀለለኝ።

ወዲያው ሲቲ ስካን፣ ማለት ሰውነትን በውስጥ ከፋፍሎ የሚያሳየውን ትልቁን ማሽን አዘዘችልኝ። የዳሌዬ አጥንትም ተሰንጥቆ፣ ተጣሞ ሊጋጠም ጀምሮ ተገኘ። የአህያዋን ታሪክ ይዤ ብቀጥል ኖሮ ያን ማንም አያየውም ነበር። ነርቩ ደግሞ ትንሽ ቢቆይ ላይመለስ ይችል እንደነበር ነገሩኝ። ከቀናት በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ፤ ዛሬ ወገቤ ውስጥ ብሎን አለ። ጀማል «ስፔር ፓርት» ይለዋል፤ ለሌላ ሰው እንዲህ ማለት አልፈቅድም፣ ለሱ ግን እፈቅዳለሁ።

ካርዴ ላይ «የመኪና መገልበጥ» ተብሎ ተጻፈ። እኔም ከሌላ ሰው ሳትሰማ ብዬ ለእህቴ ከአልጋዬ ላይ ደወልኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ስልኩን ዘጋችው። አራት ወር አላነጋገረችኝም። በዚህ ሁሉ መካከል ከቀዶ ሕክምናው በላይ ያመመኝ ይኸኛው ነው። ከአንድ ማሕፀን የወጣን ሁለት ሴቶች ብቻ ነን።

ጀማል ግን በሦስተኛው ቀን መጣ። ከአልጋዬ እግርጌ ቆሞ፣ «አክስቴ፣ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን ሰጥቻለሁ» አለኝ። ማንም አልያዘውም፤ በእግሩ ነው የሄደው። እንቅልፍ አጥቶ እንደከረመ፣ ኩርባው ላይ ባለፈ ቁጥር መኪናውን አቁሞ እንደሚወርድ ነገረኝ። የፈነዳውን ጎማ ጀውሃ ያለው ጎሚስታ አልቋል ብሎ ለሱም ለጋሼ ይመርም ነግሯቸው ነበር። ጋሼ ይመር «ይቺ ምርት ትለፍ» አለ። ጀማልም እምቢ ማለት ሲገባው መሪውን ያዘ። በወንጀሉ ጥፋተኛ ተባለ፤ ራሱ ቀርቦ በማመኑ እስራቱ በገደብ ሆነለት፣ መንጃ ፈቃዱ ለጊዜው ታገደ።

ጋሼ ይመር ደግሞ የመጀመሪያውን የክሊኒክ ካርድ ከከፈለ በኋላ ስልኩ አይነሳም ነበር። ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ጠበቃ አገኘሁ፤ እሱ ነው እኛ ቁርቁራው ሥር ያላወቅነውን ያስረዳኝ። የመኪና ባለንብረት የሚጠየቀው መሪውን ስለያዘ አይደለም፤ መኪናው የሱ ስለሆነ ነው። መኪና ሁሉ ሌላ ሰው ቢጎዳ የሚክስ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው ግዴታ ነው፤ ግን አደጋው በጊዜው ለፖሊስ ካልተነገረና ቦታው ላይ ካልተነሳ ሁሉም ነገር ይወሳሰባል። እኛ በደግነታችን መኪናውን አቆምን፣ መሬቱን ጠረግን፣ ማሾውን ለቀምን፤ ማስረጃውን አብረን ለቀምነው። ጀማልን የሸፈንን መስሎን የሸፈንነው ጋሼ ይመርን ነበር።

በጋሼ ይመር ላይ ክሱን ስመሠርት በምርኩዝ ነበር የምሄደው። የአካል እንቅስቃሴ የምታሠራኝ ባለሙያ በየቀኑ ግራ እግሬን መቶ ጊዜ አንሺ ትለኛለች፤ እኔም ነጋዴ ነኝና ስከራከር ወደ ሰማንያ አወርዳታለሁ፤ እሷም በማግስቱ መቶ ሃያ ታደርገዋለች። በዚህ ዓይነት ጭቅጭቅ ነው የዳንኩት። ችሎቱ በደረሰ ጊዜ ቆሜ ለመናገር በቅቼ ነበር።

በዚያ ቀን ጀማል ምስክር ሆኖ ቀረበ። እህቴ ከኋላ ተቀምጣለች፤ ወደኔ አላየችም። ጀማል የጎማውን ነገር ተናገረ፣ ጎሚስታውም አረጋገጠ። የጋሼ ይመር ጠበቃ ተነሳና ያን ያህል ጆንያ እንዲጭን ያዘዘው ማን እንደሆነ፣ ያዘዙት ከሳሿ ራሳቸው እንዳልሆኑ ጀማልን ጠየቀው።

ጀማል ወለሉን እያየ፣ «ማንም አላዘዘኝም። እኔ ነኝ የጫንኩት» አለ።

እዚህ ላይ ለሐኪሟም፣ ለጠበቃዬም፣ ለሙሄም ያልነገርኩትን ልጻፍ። ያን ጠዋት ሳንቃው ሲሞላ ጀማል «አክስቴ፣ ይበቃል፤ ጎማው አይችልም» ብሎኝ ነበር። ስምንት ጆንያ ቀርቶኛል፤ ገዢዬ እየጠበቀ ነው። «ጫን፤ እኔ እላዩ ላይ እቀመጥበታለሁ» አልኩት። ያን ቀን ቁርቁራው ሥር በውሸቱ ቶሎ የተስማማሁት ለእህቴ ብቻ ብዬ አልነበረም። እኔ ለሱ ዋሸሁ እያልኩ ስኮራ፣ እሱ ስንት ወር ሙሉ፣ ለፖሊስም ለእናቱም፣ ለኔ ሲል ዝም ብሏል። አሁን ደግሞ በዳኛ ፊት ሊዋሽልኝ ነው።

እጄን አነሳሁ። ጠበቃዬ ቀሚሴን ያዘ፤ አስለቀቅሁት። «ጫን ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «እሱ ይበዛል ብሎኛል።»

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህን ሲናገሩ በካሳዎ ላይ ምን እንደሚያመጣ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ ክብርት ዳኛ። ሚዛን ላይ ነው የምውለው።»

ጋሼ ይመር ያለቀ ጎማ እያወቀ ስላሰማራና መኪናው የሱ ስለሆነ እንዲክሰኝ ተፈረደ። ከካሳው ላይ ደግሞ የኔ ጥፋት ድርሻ ተቀነሰ። የተቀነሰው ልክ ነበር፤ ይግባኝ አላልኩም። ከችሎቱ ስወጣ ደረጃው ላይ ምርኩዜን እያመቻቸሁ ሳለ አንድ ሰው በብብቴ ስር ገባ። እትዬ ዘይነባ ናት። «ቀስ በይ፣ ግራውን አስቀድሚ» አለችኝ። እስከ ባጃጁ ድረስ ደግፋኝ ሄደች።

አሁን ያለ ምርኩዝ እሄዳለሁ። ከሰዓት በኋላ ግራ እግሬ ትንሽ ይጎተታል፤ ሽንቴ ተስተካክሏል፤ ሚዛኔ ወደ ቦታው ተመልሷል። ከጭነት ላይ አልወጣም፤ ጭነቴንም ከሳንቃ በላይ አላስጭንም፤ ገዢው ሲቆጣ ይቆጣ። ጀማል ፈቃዱ እስኪመለስለት ጀውሃ ጎሚስታው ዘንድ ይሠራል፤ ያለቀ ጎማ ይዞ ለሚመጣ ሾፌር የሚያወራውን ብትሰሙ የኔ ዘመድ መሆኑን ታውቃላችሁ።

በቅርቡ ልጠይቀው ጀውሃ ወርጄ ነበር። ከሱቁ ፊት ለፊት አንድ ሽማግሌ አህያቸውን ውሃ ያጠጣሉ። በጆሮዋ ላይ ያለውን ጠባሳ አየሁና አወቅኋት። ይሸጡልኛል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንዲህ ያለች አህያ አትሸጥም» አሉኝ። «የልጅ ልጆቼ እላይዋ ላይ ነው የሚተኙት። ሰው ትጥላለች ብለው ስሟን አጥፍተው በርካሽ ሸጡልኝ፤ የትኛው ከንቱ እንደሆነ እንጃ።»

«እኔ ነኝ አባቴ» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝና ድንጋይ ላይ እንድቀመጥ ቦታ ለቀቁልኝ። አልተቀመጥኩም። ከጆንያው ጀምሬ እስከ ችሎቱ ድረስ፣ አንዲትም ሳልቀንስ፣ በሁለት እግሬ ቆሜ ነገርኳቸው።